ክሎር፣ ወተትና ሳንባችን
(በእሁዱ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል፤ «ክሎር ሲሸተኝ ውሎ ማታ ወተት ብጠጣ ሳንባዬን ያጥብልኛል ወይ?» አያጥብም። ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ሳንባ የራሱ ሌላ ቧንቧ አለው። ካገኛችሁ ጠጡት፣ ምግብ ነው፤ ግን ሳንባ ጋ አይደርስም።

ሳንባ እንደኛው ጽዳት ሠራተኛ አለው። አገር ቤት ጤና ጣቢያ ስሠራ ለእናቶች እንዲህ ነበር የማስረዳው። ትልልቁን አቧራ አፍንጫ ያስቀረዋል። ያመለጠው የአየር ቧንቧው ውስጥ ያለው አክታ ላይ ይለጠፋል። እዚያ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ፤ ሌት ተቀን እየተወዛወዙ አክታውን ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፣ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን ወይ እንተፋዋለን። ምንጣፍ ስናራግፍ ቧንቧው ላይ የቀረው አቧራ አብዛኛው በአንድ ቀን ገደማ እንዲህ ይወጣል። (ሲጋራና ሺሻ እነዚህን ፀጉሮች ያደክማሉ፤ የምታጨሱ ስሙኝ።)

በጣም የደቀቀው ግን ታች፣ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል። እዚያ ፀጉሮቹ የሉም። ብናኙን እየዋጡ የሚያነሱ ሴሎች አሉ፤ ሥራቸው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እንደ አስቤስቶስ ያለውን ደግሞ አይችሉትም፤ እዚያው ይቀራል።

ጋዝ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ክሎር፣ ማለት አገር ቤት በረኪና የምንለው፣ ከፍላሽ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ፍላሽ አሲድ ነዋ። ከአሞኒያ ጋርም መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ጋዙ እንደ አቧራ ተጠርጎ እስኪወጣ አይጠብቅም። የሳንባው ግድግዳ እርጥብ ስለሆነ እዚያው ይሟሟና ያቃጥላል። ስለዚህ የሚቀረው ጋዙ ሳይሆን ቁስሉ ነው። ቁስልን ደግሞ ወተትም ዝንጅብልም አያወጣውም።

የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፦ ሳሉ ጋብ ይልና «ተሻለኝ» ብላችሁ ትተኛላችሁ፤ ከሰዓታት በኋላ ሳንባ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ብዙ የተነፈሰች ሴት በዚያ ሌሊት ብቻዋን በሯን ዘግታ አትተኛ። ለማዳምም ለጓደኛም ትንገር። ትንሽ ትንሹም ቢሆን በየቀኑ ሲደጋገም አስም ሊያመጣ ይችላል።

ተራው ማስክ ጋዝ አይከለክልም። ሽታው ሲያፍናችሁ ሥራውን ጣሉት፣ ከሀማሙ ውጡ፣ በረንዳ ላይ ንጹህ አየር ሳቡ፣ ዓይናችሁን በብዙ ውሃ ታጠቡ። የፈሰሰውን ለማጽዳት ቶሎ አትመለሱ። ማዳም «ቀላቅዪው፣ ያኔ ነው የሚነጣው» ካለች ክሎሩ ጋዝ ሆኖ ስለሚያልቅ ማጽጃው ራሱ እንደሚደክም ንገሯት። ለጤናችሁ ባታስብ እንኳ ለገንዘቧ ታስባለች።

ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ሲር ሲር ካለ ወይም ከንፈር ከጠቆረ ግን አትጠብቁ። እዚህ ሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው። ስልኩን ሲያነሱ «ሸመይት ክሎር፣ ማ ፊኒ እትነፈስ» በሉ፤ ክሎር ሸተተኝ፣ መተንፈስ አልቻልኩም ማለት ነው። አሁን አብረን እንበለው፣ ከኋላ ያላችሁም።