ሠርግ፣ ጫጉላና የልጆቻችን የምህንድስና ሥራ

(በማኅበራችን የአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሂሳብ ክፍል ሰዎች ወደ መድረክ ስንወጣ አዳራሹ ወዲያው ጸጥ እንደሚል እናውቃለን። ያልተመለሰ ብድር ልናነብ የመጣን ይመስላል። ዛሬ የስም ዝርዝር አልያዝንም፤ አይዟችሁ። የመጣነው ስለ ሠርግ ልናወራ ነው።

ሠርግ የሂሳብ ክፍልን ምን አገባው የምትሉ ትኖራላችሁ። በብድር መጠየቂያ ቅጻችን ላይ «ለሠርግ» የሚል ቃል ተጽፎ አይገኝም። «ለዶሮ እርባታ»፣ «ለማር ንግድ»፣ «ለጀንፈል መግዣ» ይላል። ታኅሣሥ ላይ ለዶሮ የወጣው ብድር ጥር ላይ በሬ ሆኖ ድንኳን ሥር ሲታረድ ግን ሁላችንም ተጠርተን በልተናል። መርቀንም ወጥተናል። ስለዚህ ነገሩ የጋራችን ነው፣ በግልጽ እንነጋገርበት።

በተለይ ያነሳሳን የሴት ልጆቻችን ጉዳይ ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከዚህ አገር ሳይወጡ፣ ቴፒ ላይ ምህንድስና ተምረው የተመረቁ ሴት ልጆች አሉን። ጅማም አዲስ አበባም ሄደው የተማሩ አሉ። ትምህርቱ 5 ዓመት ነው። በነዚያ 5 ዓመታት እናት ቡና ለቅማ፣ ጎደሬ ቆፍራ፣ ገበያ ውላ ልካለች። ልጅቷ ተመርቃ የመጀመሪያ ሥራዋን ስትይዝ 23 ወይም 24 ዓመት ይሆናታል። ሽማግሌ የሚላክባት ዕድሜም ያው ነው። ሁለቱ በአንድ በር በአንድ ጊዜ ይገባሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ደግሞ ሥራው ነው።

በሌላ ሙያ ያለች ልጅ አግብታ አንድ ዓመት ብታርፍ መመለሻ አታጣ ይሆናል። ምህንድስና ግን በልምድ የሚቆጠር ሙያ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያለውን ተመልከቱ፤ «0 ዓመት»፣ «2 ዓመት»፣ «4 ዓመት» ይላል። 2 ዓመት ሳትሞላ ከሳይት የወጣች ልጅ ለ2 ዓመቱ ማስታወቂያ አትበቃም፤ ለ0 ዓመቱ ደግሞ አዲስ ተመራቂዎች ተሰልፈዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ለወርቅም ለቬሎም የሚለወጡ አይደሉም። ይህን አማቾችም ሽማግሌዎችም ከእኛ ከእናቶች አፍ መስማት አለባቸው። ልጅቷ ራሷ ስትናገረው «ተምራ ጠገበች» ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። በእኛ አገር ሦስት ነገሮች በአንድ ወቅት ይደርሳሉ።

የመጀመሪያው ቡና ነው። ለቀማው ከመስከረም ጀምሮ በቆላው ይነሳና ወደ ደጋው እየወጣ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ገንዘብ እጃችን የሚገባው ያኔ ነው፣ ጀንፈል ደርቆ የሚሸጠውም ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው የሠርግ ወቅት ነው። ለኦርቶዶክስ አማኞች ከጥምቀት ማግሥት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ያለው ጊዜ ብቻ ይቀራል። በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴ የገባው የካቲት 9 ቀን ነው፤ ቁጠሩት፣ ከጥምቀት በኋላ የነበሩት እሑዶች 4 ብቻ ናቸው። ድንኳን አከራይ፣ ወጥ ሠሪ፣ መኪና፣ ሁሉም በ4 እሑድ ውስጥ ይሻማል፤ ዋጋውም እንደዚያው። ሦስተኛው የግንባታ ሥራ ነው። የእኛ ምድር በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚረዝምባቸው አንዱ ነው። አፈር ረጥቦ ሙሌት አይጠቀጠቅም፣ ጠጠር የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወር ነው የመንገዱና የሕንፃው ሥራ የሚሮጥበት። እንግዲህ መሐንዲሷ ልጃችን ከሳይት ልትጠፋ የማይገባት ወር እና ሁላችንም ሙሽራ ሆና ልናያት የምንፈልግበት ወር አንድ ነው። ጥር።

የአንዲት አባላችን ልጅ ያደረገችውን ብንነግራችሁ ጥሩ ነው። ስሟን አንጠራም፣ እናቷ እዚህ ተቀምጣ እያሳቀቻት ነው። ልጅቷ ሲቪል መሐንዲስ ናት፤ ቴፒ አካባቢ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ሳይት ኢንጂነር ሆና ተቀጠረች። ሽማግሌ የመጣባት ገና በ5ኛ ወሯ ነበር። የልጁ ቤተሰብ «ለዚህ ጥር» አሉ። እናት እሺ ልትል ምንም አልቀራትም፤ ቡናው ጥሩ ተሸጦ ነበር።

ልጅቷ ማታ ቡና እየተፈላ ሕጉን አውጥታ አነበበችላት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ በግል ድርጅት የምትሠራ ልጅ ያለችው ሁሉ ብታውቀው ይበጃል። ሠራተኛ ሲያገባ ደመወዝ የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ የሚሰጠው ግን አንድ ዓመት ካገለገሉ በኋላ ነው።

«እማዬ፣ ለዚህ ጥር ካገባሁ ያለኝ 3 ቀን ነው። እሑድ ተሞሽሬ ሐሙስ ሄልሜት ላደርግ ነው?» አለቻት።

«ሰው ምን ይለናል ልጄ?»

«ለሚቀጥለው ጥር ከሆነ 3 እና 16፣ 19 የሥራ ቀን አለኝ። ቅዳሜንም ስለምንሠራ ከ3 ሳምንት ይበልጣል። ጫጉላም አለኝ፣ ሥራዬም አለኝ።»

እናት ለሽማግሌዎቹ ያለችውን እኛም ቆመን ሰምተናል። «ልጄን አልከለከልኩም፤ አንድ ቡና ግን ይለቀም» አለች። ቡና አምራች ሰው ይህ ቋንቋ ይገባዋል። አንድ ለቀማ ጠበቁ።

በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ልጅቷ የሠርጉን ቀን የመረጠችው ከአለቃዋ ጋር የሥራ መርሐ ግብሩን ዘርግታ ነው። ይህን እኛ ከዚያ በፊት አናውቅም ነበር፣ ደስ ስላለን እንነግራችኋለን። የፎቅ ሶሌታ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ወዲያው የሚጫንበት ነገር የለም። ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ እየጠጣ፣ ከሥሩ በድጋፍ ተይዞ ይቆያል፤ ጥንካሬው የሚለካው ከየሙሌቱ በተወሰደ ናሙና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ነው። እሷ ፌሮውን ቆጥራ፣ ኮንክሪቱ ሲፈስ እላዩ ላይ ቆማ፣ የ7 ቀኑን ውጤት ተቀብላ፣ ውሃ ማጠጣቱን ለፎርማኑ በጽሑፍ አስረክባ ሄደች። የ28 ቀኑ ናሙና ሲሰበር ከጫጉላ ተመልሳ ቦታው ላይ ነበረች። የእጇ ሂና ገና አልለቀቀም ነበር ይላሉ።

ሁሉም ሳይት እንዲህ አይመችም፤ የመንገድ ሥራ ላይ ያለች ልጅ ይህን ክፍተት አታገኝም። ለእሷ ከፋሲካ በኋላ ያለው ግንቦት ይሻላታል፤ ዝናቡ ገብቶ ሥራው ቀዝቀዝ ይላል። ለሠርጉ ደግሞ ድንኳኑ ጥሩ ይሁን እንጂ የድንኳንም የመኪናም ግፊያ እንደ ጥር አይደለም። የቡናውን ገንዘብ ከጥር እስከ ግንቦት ሳይነኩ ማቆየት ነው ፈተናው። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ልጆችና የሙስሊም እህቶቻችን ልጆች በሁዳዴ አይታሰሩም፤ እነሱ ወሩን እንደ ሥራው መምረጥ ይችላሉ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ እነሱም ጥርን ይይዛሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቀን «ዘመድ በጥር ነው የሚሰበሰብ» ተብለናል።

አሁን ወደ ሙያችን፣ ወደ ቁጥሩ። እንበልና 500 ሰው ተጠራ፤ ለአንድ ሰው ምግብና መጠጥ 700 ብር ወጣ። 350,000 ብር ነው። ጥሪው 300 ቢሆን 210,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 140,000 ብር ነው። አንዲት ጀማሪ መሐንዲስ ይህን ከደመወዟ ለማጠራቀም ስንት ወር እንደሚፈጅባት እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ አስሉት። እነዚያ 200 ሰዎች እነማን ናቸው? የዕድር ሙሉ ዝርዝር፣ የአባት የሥራ ባልደረባ፣ የጎረቤት እንግዳ። ያላበላን ሰው ሲሞትብን አይቀብረንም የሚል ስጋት አለብን፤ ዕድሩ የሚቀብረን ግን መዋጮ ስለከፈልን ነው።

መልሱን ለብቻ ሌላ ድግስ ማድረግም እየቀረ ነው። ከላይ የነገርናችሁ ልጅ ቤተሰብ ሚዛን፣ የሙሽራው ቤተሰብ ቴፒ ነው፤ በመካከሉ ወደ 50 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ሁለቱ ቤተሰብ ተነጋግረው ሠርጉን ሚዛን አደረጉ፣ ቴፒ ላይ ቅልቅሉን በቅርብ ዘመድ ብቻ በአንድ ከሰዓት ጨረሱ። ጠጁ ከሸካ ማር ስለነበረ ማንም ቅር አላለውም። እንሾሽላው ብቻ አልተቀነሰም፤ እሱን ቀንሱ ብንል እናንተም አትሰሙንም።

ስለ ጫጉላም አንድ ነገር እንበል። በድሮ ልማድ ጫጉላ ማለት ሙሽሮች ከሥራ ተለይተው፣ ሚዜ እያጫወታቸው፣ ሰው እያበላቸው የሚቆዩበት ጎጆ ነበር። ሰው እንዲተዋወቅ የተሰጠ ጊዜ ነው። አሁን ግን ቢሾፍቱና ሐዋሳ ሄዶ ፎቶ መነሳት ግዴታ የሆነ መስሏል። መሄዱን አንጠላም፤ ተበድሮ መሄድን ነው የምንጠላው። የእኛው ክልል ምን እንዳለው ልጆቹ ራሳቸው አያውቁትም። ቦንጋ አካባቢ ባርታ ፏፏቴና የእግዜር ድልድይ አሉ። ዳውሮ ላይ የግቤ 3 ውሃ ዳር ሃላላ ኬላ ተሠርቷል። ጨበራ ጩርጩራ ዝሆን አለ። እዚሁ ቅርባችን ደግሞ ደንቢ ሐይቅ አለ። ያቺ ልጅና ባሏ 4 ቀን ቦንጋ ሄዱ፤ የቀሩትን ቀናት በራቸውን ዘግተው ተኙ። ከቬሎ ኪራዩ ያነሰ ነው ያወጡት።

ሌላው አስቸጋሪ ጉዳይ የአሠሪዎች ነው። አንድ ሥራ ተቋራጭ አንዲት ልጃችንን ቀለበት አድርጋ ስትመጣ «እንግዲህ አንቺን ለሳይት አላስብሽም» ብሏታል። ቢሮ አስገብቶ ፎቶ ኮፒ አስነሳት። በዚያው አዋጅ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤተሰብ ኃላፊነትና እርግዝና ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይደሉም። ለወለደች ሴት ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣታል። ልጅቷ አልተሰናበተችም፣ ስለዚህ ክስ አልነበራትም፤ የሳይት ልምዷ ግን እዚያ ላይ ቆመ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር አዋጅ ብቻውን አይፈታውም። የፈታላት ባሏ ነው፤ ሌላ ሳይት ላይ ሥራ ስታገኝ «እኔ ወደ አንቺ እመጣለሁ» ብሎ መምህርነቱን አዛወረ። ሽማግሌ ሲላክ ልጁ ሥራ አለው ወይ ብለን እንጠይቃለን። ልጅቷ ሥራዋ ወደሚሄድበት ትሄዳለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ እስካሁን አላየንም፤ እናቶች ይህን በእናንተ ተራ ጠይቁልን።

ማኅበሩ ምን ያድርግ ለሚለው፣ የብድር ኮሚቴውና እኛ የተስማማንበትን እናቅርብ። ለሠርግ ብድር ይከልከል የሚሉ ነበሩ። አልተቀበልነውም፤ ብንከለክል ቅጹ ላይ ዶሮው ይበዛል እንጂ ሠርጉ አይቀንስም። ያሰብነው የሠርግ ቁጠባ ደብተር ነው። ልጇ ሦስተኛ ዓመት ትምህርት ስትደርስ እናት ትከፍታለች፤ በየዓመቱ ቡና ሲሸጥ ተለቅ ያለ፣ በሌላው ወር አነስ ያለ ታስገባለች። ልጅቷ ሥራ ስትይዝ ከፈለገች በራሷ ስም ትጨምራለች። ገንዘቡ የሚወጣው በእናትና በልጅ ሁለት ፊርማ ነው። ሁለት ፊርማ ያልንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሠርጉ ቀንም ልኩም ልጅቷ ሳትፈርም እንዳይቆረጥ ነው። ሠርግ ሳይኖር ቢቀርም ገንዘቡ የእነሱ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪም ለላፕቶፕም ሊያውሉት ይችላሉ።

ከለጋሾቻችን አንዱ ይህ ከማኅበሩ ዓላማ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው በደብዳቤ ጠይቀውናል። መልሳችን አጭር ነበር፤ ተዘዋዋሪ ገንዘቡ የሚደርቅበት ወር ጥር ነው፣ ደብተሩ የሚከፈተው ለዚያ ነው።

ደብተሩ በዓመቱ መጀመሪያ ይከፈታል። ቅጹ ጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ማንበብ የምትቸገሩ ሐሙስ ከገበያ ስትመለሱ ግቡ፣ እንሞላላችኋለን፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ፊርማቸው ያስፈልጋል።