የጎን ልም አጥንት በአፍንጫ ግንባታ ውስጥ



ውስጡ ውጥረት ያደረበትን ጣውላ አናጢ በአንድ ወገን ብቻ የላገው እንደ ሆነ በማግስቱ ጎብጦ እንደሚያገኘው በዚህ ጉባኤ የማያውቅ የለም። የተበላሸ አፍንጫን ለማቆም ከሰው ጎን ተቆርጦ በሚተከለው ልም አጥንት ላይም ያው ጣጣ እንደሚደርስ፣ መፍትሔውም የተገኘው የኃይሎችን ሚዛን በመመርመር መሆኑን ግን ከሐኪሞች ወገን ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

አንድ አፍንጫ እንደገና ሲሠራ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ይኸውም የውስጥ ልባስ፣ የመካከል ተሸካሚ አካልና የውጭ ቆዳ ናቸው። ቆዳውን ከግንባር ገልብጦ ማውረድ በህንድ አገር ከጥንት የታወቀ ጥበብ ነው። ነገር ግን ከሥሩ ደጋፊ ያልቆመለት ቆዳ ጠባሳው እየተኮማተረ ሲሄድ ይሰበሰባል፤ አፍንጫው ያጥራል፣ መተንፈሻውም ይጠባል። ምሰሶ የሌለው ድንኳን ማለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃሮልድ ጊሊስ የተባለው ቀዶ ጥገና ሐኪም፣ በ1917 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሲድከፕ በተከፈተው ሆስፒታል፣ አፍንጫቸውን ለተመቱ ወታደሮች ይህን ምሰሶ ከገዛ ጎናቸው ልም አጥንት እየቀረጸ ያቆምላቸው ነበር።

ለምን ከጎን? ከጆሮ የሚገኘው ልም አጥንት ቀጭንና ጎባጣ በመሆኑ ሸክም አይችልም። የአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ጥሩ ምንጭ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የጠፋው እርሱ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ወደ ስድስተኛው ወይም ወደ ሰባተኛው የጎን አጥንት ይሄዳል፤ በዚያ ረጅምና ወፍራም ቁራጭ ያገኛል። ከሥሩ ግን ስስ የሳንባ ሽፋን አለ። ሽፋኑ አለመበሳቱን ለማረጋገጥ ቁስሉ በጨው ውሃ ይሞላና የማደንዘዣው ሐኪም ሳንባውን ይነፋዋል፤ አረፋ ከወጣ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ጎሚስታ የተበሳ ከመነዳሪ የሚፈትንበት ዘዴ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቀላል ፍተሻም እስካሁን አልተገኘም።

ዋናው ችግር የሚጀምረው ቁራጩ ከወጣ በኋላ ነው። ልም አጥንት ከክብደቱ አብዛኛው ውሃ ነው። በውስጡ ያሉት ውሃ ሳቢ ንጥረ ነገሮች ሊያብጡ ይገፋሉ፤ የውጭው ንብርብር ጭረቶች ደግሞ ተወጥረው ይይዟቸዋል። እምብርቱ በግፊት፣ ቅርፊቱ በውጥረት ሥር ሆነው ይመዛዘናሉ ማለት ነው። አስቀድሞ የተወጠረ አርማታን ለሚያውቅ መሐንዲስ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ቅርፊቱ ከአንድ ወገን ብቻ የተላጠ እንደ ሆነ የቀረው ቅርፊት ያለ ተቃዋሚ ይስባል፤ ቁራጩም ወደዚያው ወገን ይጎብጣል። በቀዶ ጥገናው ቀን ቀጥ ብሎ የታየ አፍንጫ ከወራት በኋላ ተጣሞ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን በ1958 እ.ኤ.አ. በግልጽ ያስረዱት ቶማስ ጊብሰንና ደብልዩ ቢ ዴቪስ ናቸው። ጊብሰን ቀደም ሲል ከፒተር ሜዳዋር ጋር ሆኖ ሰውነት የሌላ ሰው ቆዳ ለምን እንደማይቀበል የመረመረ የግላስጎው ሐኪም ነው። ሁለቱ ያቀረቡት ደንብ አጭር ነው፦ ከአንዱ ፊት የተነሣው ያህል ከተቃራኒውም ፊት ይነሣ፤ የቁራጩ መስቀለኛ ገጽ ሚዛኑን ይጠብቅ።

ደንቡ ቀላል ቢመስልም ጎን አጥንት ራሱ ጎባጣ ስለሆነ ረጅም ቀጥ ያለ ወራጅ ከእምብርቱ ብቻ ማውጣት ሁልጊዜ አይቻልም። በዚህ ምክንያት ብዙ ሐኪሞች የተቀረጸውን ቁራጭ በጨው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል አቆይተው የሚጎብጥ ከሆነ ከመተከሉ በፊት እንዲጎብጥ ያደርጉታል። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እነ ጉንተር በመካከሉ ቀጭን የብረት ሽቦ ማሳለፍን አቀረቡ። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ሽቦው ባዕድ አካል ነው፤ አንድ ቀን ሊወጣ ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. ከቱርክ የቀረበው የነታሽታን ዘዴ ይበልጥ የመሐንዲስ ዓይንን ይማርካል። እነርሱ ልም አጥንቱን በርዝመቱ ሳይሆን በሰያፍ ይሰነጥቁታል፤ በእያንዳንዱ ስንጣቂ ሁለት ጫፎች ላይ ቅርፊቱ በተቃራኒ ፊቶች ስለሚቀር አንዱ ሳቢ ሌላውን ይሽራል። ምንም ነገር ሳይጨመርበት የአቆራረጡ ማዕዘን ብቻ ሥራውን ይሠራል።

ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በምግብ እጥረት የተዳከሙ ሕፃናትን ከአፍ ጀምሮ ፊታቸውን የሚበላው ኖማ በኢትዮጵያም ይገኛል፤ የዓለም የጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል። ከበሽታው የተረፉ ሰዎች ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ የሚደርሱት ብዙ መንገድ ተጉዘው ነው። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ አፍንጫው ከዓመት በኋላ ቢጣመም ተመልሶ ለማሳረም ሌላ የመንገድ ወጪና ሌላ ማደንዘዣ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለእርሱ በቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ የሚታገሠው ግማሽ ሰዓትና ሚዛኑን የጠበቀው አቆራረጥ ከሁሉ የረከሰው መድን ነው።