ነጭ ጋቢና ጠይም ፊት

 የዛሬው ወጋችን በፊልም ካሜራ ስለሚነሣ ፎቶግራፍ ነው። በእኛ አካባቢ በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀሉትን የድሮ ፎቶዎች ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ የሚደጋገም ጉድለት ያገኛል። ጋቢው ነጭ ሆኖ ወጥቷል፣ የነጠላው ጥለት ሳይቀር ይለያል፤ ከጋቢው በላይ ያለው ፊት ግን ጠቁሮ ዓይኑን ከቅንድቡ መለየት ያቅታል። ተነሺው «እኔ ድሮም ፎቶ ላይ አላምርም» ብሎ ይተወዋል። አንሺው ፀሐዩን ወይም ፊልሙን ይወቅሳል። እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም። ጠይም ፊት ለፊልም አስቸጋሪ አይደለም። ፊቱ የጠፋው ብርሃኑ ሲለካ የተለካው ፊቱ ሳይሆን ጋቢው ስለሆነ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱም ውድ ካሜራ መግዛት ሳይሆን የሚለካውን ነገር መለወጥ ነው።

መጀመሪያ የብርሃን መለኪያው እንዴት እንደሚያስብ እንይ። ካሜራው ውስጥ ያለው መለኪያ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ይሁን ግንብ አያውቅም። የሚያውቀው ወደ እሱ የሚመጣውን የብርሃን መጠን ብቻ ነው፤ የዚያን ሁሉ አማካይ አውጥቶ፣ ያየው ነገር ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። የታጠበ ነጭ ጋቢ ግን ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶና ከዚያም በላይ ይመልሳል። መለኪያው ይህን ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ይልና ይቀንሳል። ከካሜራው ፊት አብዛኛው ነጭ ልብስ ከሆነ ቅነሳው እስከ ሁለት እርከን ይደርሳል። በፎቶ ሥራ አንድ እርከን ማለት ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ወይም በግማሽ መቀነሱ ስለሆነ፣ ሁለት እርከን ሲቀነስ ፊልሙ የሚያገኘው ከሚያስፈልገው ሩቡን ብቻ ነው። ጋቢው ያንን ይችላል። ከ18 በመቶ በታች የሚመልሰው ጠይም ፊት ግን በዚያ ሩብ ብርሃን ነጌቲቩ ላይ እምብዛም ምልክት ሳያሳርፍ ይቀራል። ብዙዎች የሚያውቁት የሶቪየቱ ዜኒት-ኢ ደግሞ መለኪያው ከሌንሱ በላይ ተቀምጦ ሰፊውን አካባቢ የሚያይ በመሆኑ፣ ከጋቢው በተጨማሪ ሰማዩንም ጨምሮ ይቆጥራል።

የአካባቢያችን ብርሃን ይህን ስሕተት ያባብሰዋል። ከተማችን ግንደወይን በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለች ናት፤ ሁለቱም ጎረቤቶቿ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጠዋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ደግሞ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ስለማይበትን ፀሐይ ያረፈበት ቦታ በጣም ይበራል፣ ጥላው ደግሞ በጣም ይጨልማል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ነው የምትውለው፤ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢማ ቀጥታ ከአናት በላይ ትቆማለች። ያኔ ግንባርና አፍንጫ ይበራሉ፣ ዓይን ግን በቅንድብ ጥላ ውስጥ ይሰወራል። የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ በቀትር ታቦት ሲያጅብ ማሰብ ይበቃል፤ መለኪያውን የሚያሳስተው ነገር ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቧል። ነጠላውን በራሷ ላይ ጣል ያደረገች እናት ፊቷ ያለው በጨርቁ ጥላ ውስጥ ነው፤ በጨርቁና በፊቷ መካከል ያለው ልዩነት አራት እርከን ቢሆን የሚያስገርም አይደለም።

«ፊልሙ ራሱ ለነጭ ሰው የተሠራ ነውና ምን ይደረጋል?» የሚል ካለ፣ የተናገረው ከባዶ አልተነሣም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። የዚያ ዘመን የመስታወት ሳህን በዋናነት የሚያየው ሰማያዊ ብርሃን ነበር። ቡናማና ቀላ ያለ ነገር ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን እምብዛም ስለማይመልስ፣ የሐበሻ ፊት ዓይን ከሚያየው ይልቅ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ፣ በቀለም ፊልም ዘመን፣ ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልካቸው የማስተካከያ ካርዶች የነጭ ሴት ምስል የያዙ ነበሩ፤ ሰዎች «ሸርሊ» ይሏቸዋል። የካናዳዋ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ ይህን ታሪክ ስታጠና፣ ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን ለይቶ እንዲያሳይ መጀመሪያ ግፊት ያደረጉት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩ አግኝታለች። ይህ ያሳዝናል፤ ሊነገርም ይገባል። ነገር ግን ዕድላችን በዚያ ተዘግቷል ማለት አይደለም። በዚያው በ1860 የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን ፎቶ በእንግሊዝ አገር ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተጠቀመችው ያንኑ በዋናነት ሰማያዊ የሚያየውን ሳህን ነበር። እሷ ግን ለስላሳ ብርሃን ትመርጥ፣ ሳህኑንም ረዘም ላለ ጊዜ ለብርሃን ታጋልጥ ነበርና የልጁ ዓይኖች እስከ ዛሬ ድረስ ያዩናል። ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ፊልም ደግሞ ቀይንም ቢጫንም ያያል። እንዲያውም ሌንሱ ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ማጣሪያ ቢደረግ የመቅደላው ሳህን ያደረገው ነገር ይገለበጣል፤ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ጠይም ፊት ይፈካል። ቢጫው አንድ፣ ብርቱካናማው ሁለት እርከን ብርሃን እንደሚበላ አስቦ መጨመር ነው።

ታዲያ ምን ይለካ? ከሁሉ የሚቀለው መዳፍ ነው። የመዳፍ ቀለም ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም፤ ከመካከለኛው ግራጫ አንድ እርከን ያህል ይፈካል። አንሺው መዳፉን ተነሺው በቆመበት ብርሃን ይዘረጋና መለኪያው የሚያየው መዳፉን ብቻ እስኪሆን ተጠግቶ ይለካል፤ ከዚያ አንድ እርከን ይጨምራል። ፊቱ በጥላ ውስጥ ከሆነ መዳፉም ጥላ ውስጥ መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በመስከረም ሜዳው ለምለም ሲሆን፣ በዚያው ብርሃን ላይ ያለ ሣርም ለመካከለኛው ግራጫ ይቀርባልና ይለካል። ፊቱን ራሱን ተጠግቶ የሚለካ ደግሞ መለኪያው ጠይሙን ፊት ወደ ግራጫ ሊያነጣው እንደሚሞክር ይወቅ፤ አንድ እርከን ቢቀንስ የሰውየው ትክክለኛ መልክ ይመጣል። መለኪያ የሌለው ካሜራ የያዘም አይጨነቅ። በጠራራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጎ ፍጥነቱን ከፊልሙ ቁጥር ጋር ማቀራረብ የቆየ ሕግ ነው፤ ለ400 ፊልም 1/500 ማለት ነው። ለጠይም ፊት ግን ቀዳዳውን ወደ 11፣ ፊቱ በነጠላ ጥላ ውስጥ ከሆነ ወደ 5.6 መክፈት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ለፊቱ ብለን ብርሃን ከጨመርን ጋቢው አይቃጠልም? ጥለቱስ አይጠፋም?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለስላይድ ፊልም ከሆነ መልሱ አዎን፣ ይቃጠላል። በነጌቲቭ ፊልም ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነጌቲቭ ሁለትና ሦስት እርከን ትርፍ ብርሃን ተሸክሞ ዝርዝሩን ይይዛል፤ ጉድለት ሲሆን ግን በአንድ እርከን እንኳ ይጎዳል። ብርሃን ያልደረሰው የነጌቲቩ ክፍል ሲታጠብ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ውስጥ ፊት ሊያወጣ የሚችል ወረቀትም ኬሚካልም የለም። ስለዚህ ምርጫው እኩል አይደለም፤ ነጌቲቩ ላይ የጠቆረው ጋቢ ሊመለስ ይችላል፣ የጠፋው ፊት አይመለስም። ጥቁርና ነጭ ፊልም ራሱ የሚያጥብ ሰው ደግሞ ተጨማሪ መሣሪያ አለው። የጥላው ዝርዝር የሚወሰነው በዋናነት ፎቶው ሲነሣ በተሰጠው ብርሃን ነው፤ የነጩ ክብደት ግን በማጠቢያው ውስጥ በሚቆይበት ጊዜ ይጨምራል። ብርሃኑን አብዝቶ የማጠቢያውን ጊዜ በ20 በመቶ ያህል ቢያሳጥር ፊቱ ሙሉ ሆኖ ጋቢው ይገራል። አሜሪካውያኑ ፎቶ አንሺዎች አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሎስ አንጀለስ ያስተማሩት ስልት መሠረቱ ይኸው ነው።

ሌሎች «ፍላሽ ይበራበት» ይላሉ። በቤት ውስጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ከካሜራው ላይ ቀጥታ የሚወጣ ፍላሽ ፊቱንና ጋቢውን እኩል ስለሚመታ የቀለማቸው ልዩነት እንዳለ ይቀራል፤ ፊቱንም ያለ ጥላ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ፊቱን ከጋቢው ጋር የሚያስታርቀው ቦታ መቀየር ነው፤ በር ላይ ወይም በግድግዳ ጥላ፣ ወይም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት። «ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉትንም አከብራለሁ፤ ግን ስልኩ የሚሠራውን ልብ ይበሉ። ፊቱን ፈልጎ ያገኛል፣ ለፊቱ ይለካል፣ የተለያየ ብርሃን ያላቸውን ምስሎች አዋህዶ ነጩን ይገራል። ይህ እስካሁን ካልኩት የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ በፊልም ካሜራ ሥራው የሰው መሆኑ ነው።

የመጨረሻው አደጋ ያለው ኅትመቱ ላይ ነው። አውቶማቲክ ማተሚያ ማሽንም እንደ ካሜራው አማካይ ያወጣል። ነጭ የበዛበትን ነጌቲቭ ሲያገኝ ነጩን ወደ ግራጫ ለማውረድ ሙሉውን ወረቀት ያጠቁረዋል፤ በነጌቲቩ ላይ በደንብ የተጻፈ ፊት እንኳ እዚህ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ማለት በየአልበሙ ከጠቆሩት ፊቶች አንዳንዶቹ ነጌቲቩ ላይ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ነጌቲቩን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ነው፤ ፊቱ ባለበት ቦታ ዓይንና አፍንጫ የሚለይ ስስ ግራጫ ካለ እንደገና ሊታተም ይችላል። በጨለማ ክፍል የሚያትም ሰው ፊቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በእጁ ለአፍታ ይከልላል፣ ጋቢው ላይ ደግሞ ይጨምራል። በሙከራ ቁራጩም ላይ እርጥብ ሳለ አይፍረድ፤ ወረቀት ሲደርቅ ይጠቁራል። ፎቶው የሚሰቀልበትንም ቤት ማሰብ አለበት። ማተሚያ ቤቱ በደማቅ አምፖል ሥር ያየው ፎቶ ብርሃን በበሩና በአንዲት መስኮት ብቻ ወደሚገባበት ቤት ሲሄድ ፊቱ መልሶ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ለዚያ ግድግዳ ትንሽ አፍክቶ ማተም ይሻላል። ፊልም የሚያሳጥብም ሰው ነጌቲቩን ሲያስረክብ «ለፊቱ ብላችሁ አትሙልኝ፣ ጋቢው ቢነጣም ግድ የለም» ብሎ ይንገራቸው፤ ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ በቁልፍ ሊያፈካው ይችላል። ነጌቲቮቹንም በወረቀት ጠቅልሎ ከክረምቱ እርጥበት በራቀ ቦታ ያኑራቸው፤ ሻጋታ የሚበላው ምስሉን የያዘውን ስስ ሽፋን ነው።