የናፍጣ ሞተርና የጠርሙስ ቅመም



በየመለዋወጫ መደብሩ ለናፍጣ ሞተር ኃይል ይጨምራል፣ ጭስ ይቀንሳል የተባለለት ጠርሙስ አይጠፋም። ዘመናዊው ሞተር በእርግጥ ይህን ይሻልን? ቅመሙን ይሻል፤ ነገር ግን የቅመሙ ትክክለኛ ቦታ የነዳጅ ማጣሪያውና ዴፖው እንጂ የሾፌሩ እጅ አይደለም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ስዊድን ድኙ እጅግ ለተቀነሰ ናፍጣ የግብር ቅናሽ አደረገች። አየሩ ተጠቀመ፤ የነዳጅ ፖምፓዎች ግን ያለ ጊዜያቸው ይበሉ ጀመር። ምክንያቱም ድኙን ለማውጣት ናፍጣው በሃይድሮጅን ሲታከም፣ ብረት ብረትን እንዳይፍቅ የሚያለሰልሱት ውሁዶችም አብረው ይወገዳሉ። የፖምፓው ማለስለሻ ደግሞ ራሱ ናፍጣው ነው። መድኃኒቱ ነዳጁ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚጨመር ጥቂት የማለስለሻ ቅመም ሆነ። ዛሬ የአውሮፓ ደረጃ ድኝን በኪሎ ግራም ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሲወስን፣ በመፋቅ ፍተሻ የሚታየውንም ጠባሳ በ460 ማይክሮን የገደበው ስለዚሁ ነው። ደረጃውን ባሟላ ናፍጣ ላይ ሌላ ማለስለሻ ማፍሰስ ጨው በበቃው ወጥ ላይ ጨው እንደ መነስነስ ይቆጠራል።

ናፍጣ እንዳይረጋ የሚሸጠው ቅመም ለሰሜን አገሮች ብርድ የተሠራ ነው፤ ለአዳማ ወይም ለድሬዳዋ ሾፌር ከንቱ ወጪ ነው። አጣቢው ቅመም ግን በኢንጀክተር ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ሊያለቅቅ ስለሚችል ፈጽሞ አይናቅም። ይሁን እንጂ ተበልቶ ያለቀን ኢንጀክተር መልሶ አያድስም።

የዛሬው ሞተር ናፍጣውን እስከ 2000 ባርና ከዚያም በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል፤ የኢንጀክተሩም የውስጥ ክፍተት በጥቂት ማይክሮን ይለካል። እንዲህ ላለው ሥራ ዋና ጠላቶቹ ውሃና አቧራ ናቸው። ክዳኑ ሳይገጠም ዝናብ ላይ ካደረ በርሜል የተቀዳ፣ ወይም ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ናፍጣ በጠርሙስ አይድንም። ይልቁንም አንዳንዱ ቅመም ውሃውን ከናፍጣው ጋር አዋሕዶ በጥቃቅን ጠብታ ስለሚበትነው፣ ከፊልትሮው ሥር ዘቅጦ ሊፈስ የሚገባው ውሃ ሳይታወቅ ወደ ኢንጀክተሩ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ የፊልትሮውን ማፍሰሻ ከፍቶ ውሃ ሲያጣ ነዳጁ ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል።