የተከዜ ዓሣና የገባሮቹ ጠጠር



በሰሜን አውሮፓ ወንዞች አጥማጆች በጉጉት የሚጠብቁት አንድ የትራውት ዓይነት አለ። በወንዝ ተፈልፍሎ በባሕር ያድጋል፤ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ግን ባሕሩን ትቶ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ዋግ ኽምራ ከባሕር የራቀ አገር ነው። በኢትዮጵያም ትራውት የሚታወቀው ከኬንያ መጥቶ በተለቀቀበት በባሌ፣ በዌብ ወንዝ ነው። ይሁን እንጂ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣ ዓሣ ለሰቆጣ ገበያ እንግዳ አይደለም።

በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከኋላውም 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያቁራል። የታቀደው 300 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ ነበር እንጂ ዓሣ እንዲያስገኝ አልነበረም። ሆኖም በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ በእርሻና በፍየል ይተዳደር ከነበረው ወጣት አንዳንዱ መረብ ያዘ። ቆላው ይሞቃል፤ በረዶ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ዓሣው ፈጥኖ ወደ ሰቆጣ ካልወጣ መድረቅ አለበት።

ከሚያዙት ዓሦች መካከል ቆረሶ ለግድብ ውሃ የተፈጠረ ይመስላል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምታስፈለፍል የሚፈስ ውሃ አያስፈልጋትም። በጣና ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ሊቃውንት ላቤዮባርበስ ያሉት ወገን ግን እንዲህ አይደለም። በተከዜም የሚገኘው ይህ ወገን በአብዛኛው በክረምት ውሃ ወደ ገባር ወንዞች ወጥቶ በጠጠር መካከል ይወልዳል፤ እንቁላሉም በድንጋዮቹ መካከል በሚያልፈው ንጹሕ ውሃ ይተነፍሳል። ደለል ከሸፈነው ይታፈናል።

በጣና የሆነውን መመልከት ይበቃል። በዚያ ካሉት 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቢያንስ 7ቱ እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ ወዲህ አጥማጁ በክረምት በወንዞቹ አፍ ላይ መረቡን ዘረጋ፤ ዓሣው ተሰብስቦ የሚገኘው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ጥናት የነጭ ዓሣው ብዛት በ75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

በዋግ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱም ወደ መሐንዲሱ የሚያመለክት ነው። ለኮንክሪት የሚፈለገው የታጠበ ጠጠር ዓሣው ለመውለድ የሚፈልገው ያው ጠጠር ነው። እንደ ጽራሬ ባለ ገባር ላይ ለመስኖ የሚሠራ አነስተኛ መጥለፊያ እንኳ፣ በአንድ ጎኑ ዝቅ ያለ ማለፊያ ካልተተወለት፣ የዓሣውን ጉዞ ይገታል። 188 ሜትር ግንብ ላይ ለዓሣ መንገድ ማበጀት ዛሬ የማይታሰብ ነው፤ ሁለት ሜትር መጥለፊያ ላይ ግን ማለፊያው በንድፉ ጊዜ ከታሰበበት ጥቂት ሲሚንቶና ድንጋይ ብቻ ይጠይቃል። ጠጠሩም ከመውለጃው ርቆ ካለ ቦታ፣ ወንዙ በሚጎድልበት በበጋ ሊወሰድ ይችላል።

የአጥማጁም ድርሻ አለ። ከሐምሌ እስከ መስከረም መረቡን ከወንዞቹ አፍ አንሥቶ ወደ ሐይቁ መካከል ቢያዛውር፣ በእነዚያ ወራት ከቆረሶው እየያዘ ቤተ ሰቡን ሊያስተዳድር ይችላል።