በመረሬ አፈር ላይ የሚሠራ የግቢ ስፖርት ሜዳ
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ግቢ ስፖርት ሜዳ አሠራር እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ርእሱን ሰምቶ ፈገግ የሚል ባልደረባ እንደሚኖር አልጠፋኝም። ድልድይና ግድብ በሚወራበት ጉባኤ ላይ ልጆች ኳስ የሚያነጥሩበት ሜዳ ምን ቦታ አለው ያሰኛል። ይሁን እንጂ ትንሽ ሥራ ነው ተብሎ ያለ አፈር ምርመራ፣ ያለ ንድፍና ያለ ተቆጣጣሪ የሚሠራ፣ ወጪውም ከአንድ ቤተሰብ ቁጠባ የሚወጣ ግንባታ ቢኖር ይኸው ነው። በሁለተኛው ክረምት ተሰነጣጥቆ ሲገኝም ባለቤቱ የሚያስታውሰው «መሐንዲስ አማክሬ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው።

የምናገረው ስለ አዲስ አበባ፣ በተለይም ከቦሌ እስከ አቃቂ ባለው ወገን በብዛት ስለሚገኘው ጥቁር መሬት ነው። ገበሬው መረሬ፣ በሌላው አገር ደግሞ ዋልካ የሚለው ይህ አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሔክታር በላይ ይሸፍናል። ጠባዩን ታውቁታላችሁ፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ቤት ቢሠራበት እንኳ ግድግዳውን ይተረትረዋል። ሜዳማ ከቤት ይልቅ ለዚህ አፈር የተጋለጠ ነው፤ ሰፊና ቀላል ነውና። 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው አርማታ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ክብደት 240 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይሆናል። አርማታውን በማወፈር ብቻ ይህን ኃይል ለማሸነፍ መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው አፈሩ በሁሉም ቦታ እኩል አለመነሣቱ ነው። መሬቱ በአርማታ ሲሸፈን፣ ከመካከሉ ወደ አየር ይተን የነበረው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ስለዚህ መካከሉ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ጠርዙ ግን በበጋ ይደርቃል፣ በክረምት ይርሳል። በዚህም ምክንያት ሜዳው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መካከሉ እንደ ምጣድ አክንባሎ ይነሣል፣ ጠርዙም ይሰበራል። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ ሥሩ የአፈሩን ውሃ እየመጠጠ በዚያ በኩል ያለውን ጠርዝ ያሰምጠዋል። ዛፉ ከሜዳው ቢያንስ በራሱ ቁመት ልክ መራቅ አለበት፤ ይህን የምትፈቅድ ግቢ ግን በከተማችን ጥቂት ናት።

ለዚህ ሁሉ ከእኛ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ጥቁሩ አፈር ይቆፈር፣ በሌላ ይሞላ» የሚል ነው። ምክሩ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በግማሹ ከተፈጸመ ካለመፈጸሙ የባሰ ጉዳት ያመጣል። በብዙ ግቢዎች የሚታየው ይህ ነው፦ 60 ሳንቲሜትር ያህል ተቆፍሮ ጥቁሩ አፈር ይወጣና ጉድጓዱ ሬድ አሽ በምንለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይሞላል። ጠጠሩ ውሃ ያሳልፋል፤ የጉድጓዱ ወለልና ግድግዳ ግን ጥቁር አፈር ስለሆነ ውሃውን ይዞ ያስቀራል። ባለቤቱ ሳያውቅ ከሜዳው ሥር ገንዳ አሠርቷል ማለት ነው። 15 ሜትር በ8 ሜትር በሆነች ትንሽ ሜዳ ላይ የሚወርድ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 6,000 ሊትር፣ ማለትም 30 በርሜል ውሃ ነው። ይህ ውሃ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ገንዳው እየወረደ ከሥር ያለውን አፈር እንደ ሰፍነግ ያጠግበዋል። እንግዲህ የሚቆፍር ሰው የጉድጓዱን ወለል ወደ አንድ ወገን ማዘንበል፣ በዝቅተኛው ጠርዝ ቱቦ መቅበርና ለቱቦው ከወለሉ ዝቅ ያለ መውጫ ማግኘት ይኖርበታል። መውጫ ከሌለ መቆፈር አይገባም።

መውጫ በሌለበት ግቢ ምን ይደረግ? በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ለዚህ ጥያቄ ከእኛ በፊት መልስ ሰጥተዋል። በመረሬ ማሳቸው ላይ አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ ሰፋፊ መደብ ያወጣሉ፤ በመደቦቹ መካከል በሚቀረው ቦይም የክረምቱ ውሃ ይወርዳል። ለሜዳም የሚሻለው ይኸው ነው፤ ወደ ታች ከመውረድ ከመሬት ከፍ ማለት። ሣርና ሥር ያለበት የላይኛው አፈር ብቻ ተጠርጎ ይነሣል፤ በላዩ ላይ ገረጋንቲ በየ15 ሳንቲሜትሩ እየተረጨና እየተደመደመ ሜዳው ከግቢው ወለል በላይ ከፍ ይላል። የገረጋንቲው ፊት ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን አንድ በመቶ ይዘነብላል፤ ይህም በ8 ሜትር ስፋት 8 ሳንቲሜትር ማለት ነው፤ ተጫዋቹ አይሰማውም፣ ውሃው ግን ይሰማዋል። ዙሪያውን የሚይዘው የድንጋይ ጠርዝ በዝቅተኛው በኩል የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎች ይኑሩት፤ ከእርሱም ውጭ በሲሚንቶ የተለሰነ ቦይ ይዙር። ቦዩ ወደ ጎረቤት አጥር እንዳይመራ አደራ እላለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለንብረት ጎረቤቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ከሕጉም በፊት ጉርብትና አለ።

ከዚህ በኋላ ብዙዎቻችሁ የማትስማሙበትን ሐሳብ አቀርባለሁ። በእንደዚህ ያለ መሬት ላይ፣ ለመረብ ኳስም ሆነ ለሜዳ ቴኒስና ለባድሜንተን፣ አርማታ ባይፈስስ እመርጣለሁ። በገረጋንቲው ላይ 15 ሳንቲሜትር የተደመደመ ሬድ አሽ፣ ከላይ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር በወንፊት የተነፋ ደቃቅ ሬድ አሽ ከጥቂት ቀይ ሸክላማ አፈር ጋር ተደባልቆ ይበቃዋል። ወንፊቱን አታቃልሉት፤ ያልተነፋ ሬድ አሽ ስለታም ነው፣ የወደቀ ሕፃን ጉልበት ይልጣል።

«ይህ የድሆች ሜዳ ነው» የሚል ደንበኛ ይገጥማችኋል፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አርማታ አይቶ መጥቷልና። በ1928 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የተከፈተውን የሮላን ጋሮስ ሜዳ ንገሩት። በዓለም የታወቀው ያ ቀይ ፊት ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የሸክላ ጡብ ዱቄት ነው፤ ከሥሩ የተፈጨ ነጭ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም የከሰል አመድ ጥርቅምና ጠጠር ተነባብረዋል። ሜዳው የሚኖረው በየቀኑ ስለሚጠረግና ውሃ ስለሚጠጣ ነው። የአፈር ሜዳ ቢነሣ ወይም ቢሰምጥ አንድ ሰው በአካፋና በመዳመጫ በግማሽ ቀን ያቃናዋል። የተሰበረ አርማታ ግን በድጂኖ ተፈልጦ ከመውጣት በቀር መፍትሔ የለውም።

ቅርጫት ኳስ የሚፈልግ ሰው ግን አርማታ ሊሠራለት ይገባል፤ ኳሱ በአሽ ላይ እንደሚገባ አይነጥርምና። ለሦስት በሦስት ጨዋታ የሚያስፈልገው 15 በ11 ሜትር ነው። እንዲህ ያለው አርማታ ከፍ ባለና በተደመደመ ገረጋንቲ ላይ ይፍሰስ፤ ውፍረቱ 12 ሳንቲሜትር፣ ፌሮውም ከውፍረቱ እኩሌታ በላይ የሚውል ይሁን እንጂ መሬት ላይ ተረግጦ አይቅር። በየሦስት ሜትሩ መገጣጠሚያ ይቆረጥ። የአዲስ አበባ ፀሐይና ነፋስ አርማታን ፈጥኖ ስለሚያደርቅ ቢያንስ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ። ዙሪያውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል የተለሰነ ዳርቻ ቢጨመርለት ጠርዙ ከበጋው ድርቀት ይጠበቃል።

አጠባበቁ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ቀኑን አለመርሳት ነው። በግንቦት ቦዩና የቱቦው አፍ ይጠረጋሉ፤ ይህ አንድ ሥራ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። የአሽ ሜዳ በክረምት ረግረግ ባለ ጊዜ አይጫወቱበትም፤ በጥቅምት ደቃቁ አሽ እንደገና ተነፍቶ፣ ውሃ ተረጭቶ ይዳመጣል፤ በበጋ አቧራው እንዳይነሣ ማታ ማታ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። የአርማታ ስንጥቅ በሲሚንቶ ልስን አይደፈን። በበጋ በሰፊው ተከፍቶ ሳለ በደረቅ ነገር የተሞላ ስንጥቅ በክረምት መዘጋት ሲያምረው ጠርዙን ይሰባብራል፤ ስለዚህ የሚለጠጥ መሙያ ይገባበት፣ ጊዜውም ስንጥቁ በጣም ያልሰፋበት የኅዳር ወር ቢሆን ይሻላል።

ሥራውን ስታስረክቡ የቱቦውን መሥመርና መውጫውን የሚያሳይ ንድፍ ለባለቤቱ ስጡ፤ ሁለተኛውን ቅጂ ደግሞ በዘበኛው ቤት በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፉት። ባለቤቱ ቢለዋወጥ፣ ወረቀቱም ቢጠፋበት፣ በግንቦት አካፋ ይዞ የሚወጣው ዘበኛው ነው።