ኮምፒዩተራችን ሁለት ዓይነት መዝገብ ያሳየን ጊዜ
(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው የተደረገ ንግግር)



ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ በሪፖርቱ ተነቧል። እኛ የምንናገረው ስለ ኮምፒዩተሩ ነው። ይኸ የጸሐፊው ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት፤ አንዲት እናታችንን በለቅሷቸው ቀን እስከ ማሳዘን ደርሶ ነበርና።

እንደሚታወቀው በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ በድሬዳዋ ላይ ያደረሰውን ያየን ሰዎች ነን። በወረቀት ብቻ መተማመን ስላስፈራን የመዋጮውን መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ባለ ሠንጠረዥ አስገባነው። ኮምፒዩተሩ እዚሁ ሳቢያን በጸሐፊያችን ቤት ተቀመጠ። ልጁም ይማርበታል፤ ቤት የገባ ዕቃ መቼም የሁሉም ነው።

ኢንተርኔት የሚከፈትበት ፕሮግራም ብራውዘር ይባላል። ጸሐፊያችን አንድ ነበረው። ልጁ አንድ ነፃ ፕሮግራም ሲጭን ሌላ ብራውዘር አብሮ ገባ፤ «ዋናው እኔ ልሁን?» ብሎ ሲጠይቀውም ሳያነብ እሺ አለው። ከዚያ ወዲህ በቴሌግራም የመጣ አድራሻ ሲነካ የሚከፈተው በአዲሱ ሆነ።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ጸሐፊያችን የሰበሰበውን መዋጮ ሊመዘግብ ሲቀመጥ ዳታው አልቆ ነበር። ሠንጠረዡ ያለ ኢንተርኔትም እንዲሠራ ተደርጎ ስለነበር በቀድሞው ብራውዘር ሁሉን አስገብቶ ዘጋው። አንድ አባላችን በአንድ ጊዜ የከፈሉት የሦስት ወር ውዝፍም እዚያ ውስጥ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ እኒህ አባላችን ዐረፉ።

ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ። ገንዘብ ያዣችን የቀብር ማስፈጸሚያውን ሊያወጣ መዝገቡ ይታይ አለ። አድራሻው ሲነካ አዲሱ ብራውዘር ተከፈተና የሦስት ወር ዕዳ አሳየን። በደንባችን የሦስት ወር ዕዳ ያለበት አይከፈለውም። ባለቤታቸውን «ደረሰኝ ካለ ይፈልጉልን» አልናቸው። እናታችን ከለቅሶው ተነሥተው ከሟች ኮት ኪስ ውስጥ አወጡት። ያን ጊዜ ፊታቸውን ቀና ብሎ ያየ የኮሚቴ አባል አልነበረም።

ማታ ኮምፒዩተሩን ከበን ተቀመጥን። «ብራውዘሮቹ ተጋጭተው ነው፤ ሁሉንም እናጽዳው» የሚል ምክር መጣ። እጃችን መዳፊቱ ላይ ነበር! ደግነቱ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ወጣት አባላችን ደረሰና ከለከለን።

እሱ እንዳስረዳን ብራውዘሮች እርስ በርሳቸው አይጣሉም፤ እያንዳንዱ የየራሱ መሳቢያ አለው። የይለፍ ቃሉም፣ የተቀመጠው አድራሻም፣ ያለ ኢንተርኔት የተጻፈውም በዚያው መሳቢያ ይቆያል። ክሮምና ኤጅ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ክሮሚየም ከሚባል አንድ መሠረት የሚሠሩ ሆነው ሳለ፣ የአንዱ መሳቢያ ለሌላው በራሱ አይከፈትም። ጸሐፊያችን የጻፈው የሚላከው ኢንተርኔት ተገኝቶ መዝገቡ እዚያው በቀድሞው ብራውዘር ሲከፈት ነው። የቀድሞውን ደግሞ ከዚያ እሑድ ወዲህ የከፈተው የለም። መሳቢያውን ብናጸዳው ኖሮ የዚያን ቀን ምዝገባ ሁሉ አብሮ ይጠፋ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ የተጣሉት ባለቤቶቹ ናቸው። በዚሁ «ዋናው ማን ይሁን» በሚለው ሽሚያ የተነሣ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ማይክሮሶፍትን ከስሶት ነበር።

የቀድሞውን ከፈትነው፣ ዳታ ሞላን፣ ጥቂት ጠበቅን። መዝገቡ ተስተካከለ። በማግሥቱ ሽማግሌ ይዘን እናታችንን ይቅርታ ጠየቅን፤ ገንዘቡንም አስረከብን። «እናንተም ሰው ናችሁ» አሉን።

አሁን ዋናው ብራውዘር ወደ ቀድሞው ተመልሷል። አዲሱን ግን አልነቀልነውም፤ ልጁ የሚማርበት ነው። ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ኮምፒዩተሩ ስለሚከብደው፣ በዚህ ሙቀት ማራገቢያው መጮኹ አልቀረም። የደረሰኙን ጉርድ እንደ ድሮው በእጅ መያዝ ቀጥለናል።

በዚያን ጊዜ መዋጮ የከፈላችሁ አባሎች ደረሰኛችሁን ይዛችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ብትመጡ ከጉርዱ ጋር እናመሳክራለን።